ብርድ የማይበግረው፣ ጥም የሚጥለው አበባ

ፕሪሙላን በዛፍ ጥላ ሥር ስለ ማልማት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሺንግተንና በኦሪጎን ግዛቶች፣ ጥር ወር ሲገባ በየምግብ መደብሩ ደጃፍ በትናንሽ የፕላስቲክ ማሰሮዎች የተተከሉ ባለ ብዙ ቀለም አበቦች ይደረደራሉ። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ዳምኖ በሚያካፋበት፣ ዛፎችም ቅጠላቸውን አራግፈው በቆሙበት ወራት፣ ቢጫውና ቀዩ፣ ሰማያዊውና ነጩ ጎን ለጎን ሲታዩ የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ሳይስቡ አይቀሩም። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያንም የአበባውን ስም ባያውቁት እንኳ መልኩን አይስቱትም። በተለምዶ ፕሪምሮዝ ይባላል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ፕሪሙላ ይሉታል። ቃሉ በላቲን «መጀመሪያ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ከሌሎች አበቦች ቀድሞ የሚፈካ መሆኑን ያመለክታል።

ይህን አበባ የገዛ ሰው ጥቂት ሳምንታት በመስኮት አጠገብ ካቆየው በኋላ በግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ይተክለዋል። በዓመቱ ሊያየው ሲሄድ ግን ተክሉ የለም። ያን ጊዜ የሁሉም ፍርድ አንድ ነው፤ «ብርዱ ፈጀው» ይባላል። ብርዱ ግን በሐሰት ተከሰሰ እንጂ ጥፋት የለበትም። የአውሮፓው የዱር ፕሪምሮዝና የቅርብ ዘመዶቹ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም ከሥራቸው ተነሥተው ያቈጠቁጣሉ። ተክሉ የሞተው በጥር ወይም በየካቲት ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የገደለውም ጥም ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ጠረፍ የዝናቡ ወራት የብርዱ ወራት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ በሚያይልባቸው በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ይደርቃል። ስለሆነም «ክረምት» የሚለው ቃል በዚያ አገር ስላለ አትክልት ሲነገር ነገሩን ስለሚያደናግር፣ በዚህ ንግግር ውስጥ «የብርዱ ወራት» እና «የሙቀቱ ወራት» የሚለው አነጋገር ተመርጧል። ወሮቹ በኢትዮጵያ፣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ተክል የሚሰጠው «ብርቱ» የሚለው ቅጽል ገዢውን የሚያሳስተውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአትክልተኞች ዘንድ ብርቱ ተክል ማለት ውርጭ የሚችል ማለት ብቻ ነው፤ ቸልተኝነትን ይችላል ማለት አይደለም። ፕሪሙላ ሥሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉ ደግሞ ሰፊና ስስ በመሆኑ፣ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ወደ ታች ወርዶ ውኃ የሚፈልግበት መንገድ የለውም። የተፈጥሮ መኖሪያውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በእንግሊዝ አገር በእርጥብ የጫካ ዳርና በቦይ ግርጌ፣ በሂማላያ ተራሮች በረዶ ቀልጦ በሚፈስስበት ሸለቆ ይገኛል። ከዚህ ወገን አንዱ በኢትዮጵያም አለ። ከ1837 ጀምሮ በ1878 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ የኖረው ጀርመናዊው ዕፀዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር ከስሜን ተራሮች የሰበሰበውና ሆክስቴተር የተባለው ሊቅ በአገሩ ስም ፕሪሙላ ሲሜንሲስ ያለው ቢጫ አበባ፣ ውኃ በሚያንጠባጥብ ገደል ላይ የሚበቅል ነው። ቅጠሉ በነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ አበቦቹም በአንድ ዘንግ ላይ ደረጃ በደረጃ እንደ ቀለበት ይዞራሉ። የስሜኑ ተክል እንደ አውሮፓው ጽኑ ውርጭ አይችልም፤ በውኃ ነገር ግን የሁሉም ጠባይ አንድ ነው።

እንግዲህ በጥላ ሥር የሚለማ የአበባ መደብ ሲታሰብ፣ አትክልተኛው መጀመሪያ ማየት ያለበት የጥላውን ብዛት ሳይሆን ጥላውን የሚሰጠውን ዛፍ ነው። ሁሉም ጥላ አንድ አይደለም። ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያራግፍ ዛፍ ለፕሪሙላ እጅግ የተመቸ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ዛፉ ራቁቱን ስለሚሆን ብርሃን እስከ መሬት ይወርዳል፤ አበባውም በዚያ ብርሃን ይፈካል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ዛፉ ቅጠል አውጥቶ ይሸፍነዋል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን በማያራግፍ ዝግባ መሰል ዛፍ ሥር ግን ብርሃኑም ዝናቡም ከላይ ስለሚታገድ ተክሉ ይቀጭጫል።

ከብርሃኑ ይልቅ የሚከፋው የሥር ትግል ነው። የሜፕልና የበርች ዛፎች የሥራቸው ብዛት ከመሬት ገጽ አቅራቢያ ተሰራጭቶ ስለሚገኝ፣ አትክልተኛው ያጠጣውን ውኃ ከፕሪሙላው ቀድመው ይጠጡታል። ከዚህም በላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ መደቡን በጥሩ ብስባሽ ያዳበረ ሰው ዛፉን ወደ ድግስ የጠራ ያህል ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቃቅን የዛፍ ሥሮች አዲሱን አፈር እንደ ምንጣፍ ይሸፍኑታል። የፖም ዛፍና የኦክ ዛፍ በዚህ ረገድ የተሻሉ ጎረቤቶች ናቸው። ዛፉን መምረጥ የማይቻል ከሆነ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ የቅርንጫፎቹ ጥላ በከፊል ብቻ በሚደርስበት መትከል፣ ወይም የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ ያውም ሥር በማይሻማበት ቦታ፣ መደቡን ማዘጋጀት ይሻላል። በአሮጌ ቤቶች ሰሜናዊ ግድግዳ ጥግ የተተከሉ ፕሪሙላዎች በውብ ዛፎች ሥር ከተተከሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ሲኖራቸው መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

አፈሩ እርጥበት የሚይዝ፣ ይሁንና ውኃ የማይተኛበት መሆን አለበት። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ዛፉ ራሱ ያራገፈው ቅጠል ነው። ተከምሮ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የበሰበሰ ቅጠል ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ በኋላ፣ በየዓመቱ አበባው ሲያልፍ በተክሎቹ መካከል አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጐዘጐዛል። ጉዝጓዙ ፀሐይና ነፋስ አፈሩን እንዳያደርቁት ከመከላከሉም በላይ፣ በብርዱ ወራት መሬቱ ሲረጋና ሲቀልጥ ተክሉ ከአፈር ተነቅሎ እንዳይወጣ ይረዳል። የተክሉን ልብ ግን መሸፈን አይገባም፤ ይበሰብሳል። በሙቀቱ ወራት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃው ሥሩ ድረስ እስኪዘልቅ ማጠጣት ይመረጣል።

በዚህ አስተያየት የፕሪሙላን ዓይነቶች መምረጥ ማለት ጥምን የሚያመልጡበትን ዘዴ መምረጥ ማለት ነው። በ1924 እንግሊዛዊው ተጓዥ ኪንግደን ዋርድ በቲቤት አግኝቶ በባለቤቱ ስም ፍሎሪንዳ ያለው ቢጫ ፕሪሙላ፣ እንዲሁም የጃፓኑ ደረጃ በደረጃ የሚያብበው ዓይነት፣ በጅረት ዳር እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ካልኖሩ አይደሰቱም። ከካውካስ ተራሮች የመጣችው አጭሯ ዩልየ እንደ ምንጣፍ እየተሳበች አፈሩን ራሷ ትሸፍናለች፤ ከእርሷ የተወለዱት ዲቃላዎችም ከመደብሩ አበቦች ይልቅ እጅግ ታጋሾች ናቸው። ከሁሉ ብልህ የምትባለው ግን የጃፓንዋ ዚቦልዲ ናት። ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠሏን አድርቃ ከመሬት በታች ትተኛለች፤ በየካቲትና በመጋቢት እንደገና ትነሣለች። ጃፓኖች ከኤዶ ዘመን ጀምረው በመቶ የሚቈጠሩ ዝርያዎችን አውጥተውላታል። ልማዷን የማያውቅ አትክልተኛ ሞተች ብሎ በሰኔ ቈፍሮ ስለሚጥላት፣ የተተከለችበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ማድረግ ይገባል።

ውኃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ትልቅ ሥራ መክፈል ነው። ፕሪሙላ በተፈጥሮው ከመሐል እያረጀ ወደ ዳር የሚታደስ ተክል ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ራስ አምስትና ስድስት ራስ ሆኖ ይጨናነቃል፤ የመካከሉ ግንድ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ አዲሶቹ ሥሮችም ከአፈሩ በላይ መውጣት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አበባው ያንሳል፤ ባለቤቱም ማዳበሪያ ይጨምራል። የሚያስፈልገው ግን ማዳበሪያ ሳይሆን መንሽ ነው። በጓሮ ጠጅ ሣር የተከለ ሰው ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል፤ ቁጥቋጦው ሲወፍር ተነቅሎ ይከፈላል፤ ክፋዩ ለጎረቤት ይታደላል። የፕሪሙላውም ሥርዓት ከዚህ አይለይም። አበባው እንዳለቀ፣ ምድሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ተክሉ ከነሥሩ ይነሣል፤ አፈሩ በውኃ ይታጠባል፤ ራሶቹ በእጅ ይለያያሉ፤ አሮጌው ግንድ በቢላዋ ተቈርጦ ይጣላል። ሥሩ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶለት ይከረከማል፤ ትላልቆቹም ቅጠሎች በግማሽ ይቈረጣሉ፤ ሥር የተቀነሰበት ተክል ያን ሁሉ ቅጠል ውኃ ሊያጠጣ አይችልምና። ከዚያም ቅጠሉ ከሚነሣበት አንገት ድረስ ጠለቅ አድርጎ፣ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በአዲስ አፈር መትከልና ለብዙ ሳምንታት ውኃ አለማቋረጥ ነው። በነሐሴ ድርቅ የሚከፍል ሰው ግን ተክሎቹን ቀበራቸው እንጂ ተከላቸው አይባልም።

መክፈል ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠላትን ያጋልጣል። በአበባ መደብ ላይ የቅጠሉ ጠርዝ በመቀስ የተነደለ መስሎ ከታየ፣ ሌሊት ሌሊት የሚወጣ ጥቁር ነቀዝ እንዳለ ያስረዳል። የዚህ ነቀዝ እንስቶች ያለ ወንድ የሚራቡ ስለሆኑ አንዷ ብቻ መደቡን ለመውረር ትበቃለች። ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ከአፈር በታች ያለው ነጭ እጭ ነው፤ ሥሩን በልቶ ሲጨርስ ተክሉ በእጅ ሲነካ ብድግ ብሎ ይወጣል። አፈሩ ሞቅ ባለ ጊዜ እጩን የሚያጠቁ ጥቃቅን ኔማቶዶችን በውኃ በጥብጦ ማፍሰስ ዛሬ የታወቀ መከላከያ ነው። ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣም አበባውን ይወድዳል፤ እርሱን በመብራት እየፈለጉ በእጅ መልቀም ይበቃል።

ሆኖም መክፈል ብቻውን ዘርን አያኖርም። ይህን ለመረዳት አበባውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአንዱ ተክል ላይ ያሉት አበቦች ሁሉ ከመካከላቸው እንደ መርፌ ራስ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ብሎ ይታያል፤ የሴቴው ዘንግ ረጅም ነውና፤ የወንዴው ብናኝ ከታች ተደብቋል። በሌላው ተክል ላይ ደግሞ የወንዴው ክፍል ከላይ ሆኖ፣ የሴቴው ዘንግ አጭርና የተሰወረ ነው። እንግሊዞች የመጀመሪያውን ባለ መርፌ ዓይን ይሉታል፤ ሁለተኛውን የሚጠሩበት ቃል ሸማኔው ጨርቁን ቈርጦ ካወረደ በኋላ በመሸመኛው ላይ ከሚቀረው የክር ቁራጭ የተወሰደ ነው። ይህን ልዩነት አትክልተኞች ከጥንት ያውቁት ነበር፤ ትርጉሙን ግን የገለጠው ቻርልስ ዳርዊን ነው። በኅዳር 1861 ለንደን በሚገኘው የሊኒየስ ማኅበር ባሰማው ጽሑፍ፣ የአንዱ ዓይነት ብናኝ ለሌላው ዓይነት ሲደርስ ዘሩ እንደሚበዛ፣ በራሱ ዓይነት ሲሆን ግን እንደሚያንስ በቈጠራ አስረድቷል። በኋላም በግለ ታሪኩ ከጥቃቅን ግኝቶቹ ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተው እንደሌለ ጽፏል። በ2016 የተደረጉ የጂን ምርምሮች ደግሞ ልዩነቱን የሚወስነው የአምስት ጂኖች ጓድ በባለ አጭር ዘንጉ ብቻ እንደሚገኝ፣ በባለ ረጅሙ ጨርሶ እንደሌለ ገልጠዋል።

ከዚህ ለአትክልተኛው የሚገኘው ትምህርት ቀጥተኛ ነው። አንዱን ተወዳጅ ተክል እየከፈለ መደቡን ሁሉ የሞላ ሰው፣ መቶ ራስ ቢኖረውም ያለው አንድ ተክል ብቻ ነው፤ ሁሉም የአንድ ዓይነት ዘንግ ስላላቸው ከዘር አንጻር መካን ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው። አንድ ክፉ በጋ ወይም አንድ የቫይረስ በሽታ ሲመጣ መቶዎቹ በአንድነት ይሄዳሉ። ባለ ድርብ አበባ የነበሩ ብዙ የድሮ የእንግሊዝ ዝርያዎች የጠፉት በዚህ ዓይነት ነው፤ ድርቡ አበባ ዘር ስለማይሰጥ ወይም እምብዛም ስለማይሰጥ ሕይወቱ በከፋዩ እጅ ላይ ብቻ ተንጠልጥላ ነበር።

የኪው የዕፀዋት ማዕከል ታሪክም ለዚህ ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በማዕከሉ የመስታወት ቤት ውስጥ ከሂማላያ የመጣው ፕሪሙላ ፍሎሪቡንዳ፣ ዓረቢያንና ኢትዮጵያን መኖሪያው ካደረገው ከፕሪሙላ ቨርቲሲላታ ጋር ሳይታሰብ ተዳቀለ። የዛሬ ሊቃውንት የስሜኑን ተክል የሚቈጥሩት ከዚሁ ከቨርቲሲላታ ወገን ነው። ዲቃላው ውብ ቢሆንም መካን ስለነበር በመከፋፈል ብቻ ይኖር ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከመካኑ ተክል ዘር ተገኘ። ሌቲስ ዲግቢ የተባለችው ተመራማሪ በ1912 ባወጣችው ጽሑፍ፣ መካኑ 18 ክሮሞዞም ሲኖረው ዘር የሚሰጠው 36 እንዳለው አሳየች፤ ቍጥሩ በእጥፍ በማደጉ ጥንድ ያጣው ሁሉ ጥንድ አገኘ ማለት ነው። ፕሪሙላ ኬዌንሲስ የተባለው ይህ ተክል በዓለም የዘር ጥናት መጻሕፍት ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለሌሎቹ መካኖች ሁሉ አይደርስም።

ዘርን በእጅ የማኖር ሥራ ምን ያህል እንደሚደርስ ያሳየችው ፍሎረንስ ቤሊስ ናት። ይህች ሴት ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን በኦሪጎን፣ በግሬሻም ከተማ አጠገብ፣ በጅረት ዳር የተተወ የእህልና የከብት ጎተራ ገብታ ኖረች። ከእንግሊዝ አገር ሳተን ከተባለው የዘር ነጋዴ ጥቂት የፕሪሙላ ዘር አስመጥታ ዘራች፤ ስፍራውንም ስለ ጎተራው ባርንሄቨን አለችው። የበቀሉትን አበቦች በቀለም በቀለም ለየች፤ ንቦች እንደ ፈለጉ እንዳያደባልቁባትም ብናኙን ራሷ በእጅዋ ታደርስ ጀመር።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ማንኛውም የማኅበሩ አባል ሊሠራው ይችላል። በፕሪሙላ የወንዴው ክፍል የተጣበቀው በአበባው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ሊፈካ የተቃረበውን አበባ ቀለማዊ ክፍል ስቦ መንቀል ወንዴውን አብሮ ያስወግደዋል፤ የሴቴው ዘንግ ብቻውን ይቀራል። ቀለም ስለሌለውም ንብ አይጐበኘውም። ከሌላው ዓይነት የተወሰደ ብናኝ በጣት ጫፍ ወይም በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፤ ክር ይታሰርበታል። ቤሊስ ይህን ለዓመታት በሺህ በሚቈጠሩ አበቦች ላይ እየደጋገመች፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ የጭስና የመዳብ ቀለማትን አወጣች። በ1941 ለተመሠረተው የአሜሪካ ፕሪምሮዝ ማኅበርም ከዋናዎቹ ሠራተኞች አንዷ ሆነች።

በ1966 ሥራውን ለማቆም ስትወስን የነበራትን ዘር በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩት ለጃሬድና ለሲልቪያ ሲንክለር ላከችላቸው። ልብ ይባል፤ ያ ሁሉ ድካም በፖስታ የሚላክ የዘር ጥቅል ብቻ ነበር፤ ተቀባዮቹ በዚያ ዓመት ባይዘሩት ኖሮ፣ ዘሩም እድሜው አጭር ነውና፣ ከ30 ዓመት የሚበልጥ ምርጫ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር። ሲንክለሮቹ ዘሩት፤ ንቡንም እየቀደሙ በእጃቸው ማዳቀሉን ቀጠሉ። በ1990 ደግሞ ስብስቡ ወደ ፈረንሣይ፣ ወደ ብሪታኒ ክፍለ ሀገር ተሻገረ። ቤሊስ በ1987 ብታርፍም ባርንሄቨን የሚለው ስም ከኦሪጎኑ ጎተራ ጋር አልቀረም።

በመደብር ደጃፍ የተገዛ አንድ ማሰሮ ያለው ሰውም ከዚህ ጥቂቱን ሊሠራ ይችላል። በመስታወት ቤት ተፋጥኖ ያደገ ስለሆነ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል በጥላ ሥር ከደጅ አየር ጋር ይለማመድ፤ ከዚያም ከላይ በተነገረው መደብ ይተከል። ሲገዛ ሁለት ማሰሮ ይግዛ፤ ዓይናቸውንም አይቶ አንዱን ባለ መርፌ፣ ሌላውን ባለ ክር ይምረጥ፤ ሻጩ ይህን ባያውቀውም አበባውን ቀና ብሎ የሚያይ ገዢ በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። የዘሩ ከረጢት በሰኔና በሐምሌ ቡናማ ሆኖ አፉን ሊከፍት ሲል ይለቀም፤ ቢዘገይ ጉንዳን ይቀድማል፤ በዱሩ ፕሪምሮዝ ዘር ላይ ጉንዳን የምትወደው ቅባት ያለበት ትንሽ አካል አለና። የተለቀመው ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። በታኅሣሥ ወይም በጥር እርጥብ አፈር በሞላ ማሰሮ ላይ ሳይቀበር ይበተን፤ ብርሃን ይፈልጋልና ከላዩ እጅግ ስስ የሆነ ደቃቅ ጠጠር ብቻ ይነስነስበት። ማሰሮው ለዝናብና ለውርጭ ደጅ ይውጣ፤ ብርዱ አራትና አምስት ሳምንት ካላገኘው ዘሩ አይነቃምና። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ተመልሶ ይተኛል። ቡቃያው በመጋቢት ይታያል፤ ሁለት ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይለያይና ለብቻ ለብቻው ይተከል፤ የመጀመሪያውን ነሐሴ ውኃ ሳይጓደልበት ካለፈም በሚከተለው የካቲት ያብባል።